የአርበኛው ፉከራና የእኅቱ ሙሾ

ዳዊት፥ ሳኦልና ልጁ ዮናታን በጊልቦዓ ተራራ ላይ መውደቃቸውን በሰማ ጊዜ ልብሱን ቀደደ፤ እስከ ማታም ድረስ እያለቀሰ ጾመ። ከዚያም በኋላ ስለ ሁለቱ የልቅሶ ቅኔ ተቀኘ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገሮች ሊታሰቡ ይገባቸዋል። አንደኛው፥ ሳኦል ዳዊትን ሊገድለው ከዋሻ ወደ ዋሻ ያሳደደው ሰው ሳለ፥ ዳዊት የጀግንነቱን ክብር ምንም ሳያጐድል አለቀሰለት። ሁለተኛው፥ ያ የልቅሶ ቅኔ በዕለቱ ተሰምቶ እንዲቀር አላደረገም፤ የይሁዳ ልጆች እንዲማሩት አዘዘ። እንግዲህ በዳዊት ዘንድ ልቅሶ ለልጆች የሚሰጥ ትምህርት ነበር ማለት ነው።

በአገራችንም ጦርነት በተነሣ ቍጥር ሁለት ዓይነት ግጥም አብሮ ይነሣል። አንደኛው ወንዱ ወደ ዘመቻ ሲሄድ የሚያሰማው ፉከራ ነው፤ ሁለተኛው መርዶ በመጣ ጊዜ ሴቲቱ የምታወርደው ሙሾ ነው። ስለ ፊተኛው ብዙ ይነገራል፤ በበዓል ቀን በአደባባይ ይሰማል፥ ልጆችም በትምህርት ቤት መድረክ ላይ ይለማመዱታል። ስለ ሁለተኛው የሚናገር ግን ጥቂት ነው። እኔም በልጅነቴ በዲቁና፥ ካደግሁ በኋላ በመምህርነት ሳገለግል ሙሾን ለረጅም ጊዜ እንደ ትንሽ ነገር እቈጥረው ነበር። ይህ ስሕተቴ ምን እንዳሳጣኝ ልናገርና ሌላው ሰው እንዳይደግመው ላሳስብ ብዬ ይህን ጽሑፍ አቀርባለሁ።

አስቀድሜ ስለ ፉከራ ልናገር። ፉከራ ከንቱ ትምክሕት የሚመስለው ሰው አለ፤ ሥርዓቱን የተመለከተ ግን እንዲህ አይልም። ፎካሪው በአለቃውና በጓደኞቹ ፊት ተነሥቶ፥ ጦሩን ወይም ጠመንጃውን እየነቀነቀ ትውልዱን ይቈጥራል፤ የፈረሱን ስም ይጠራል፤ ከዚህ በፊት የሠራውንና ከእንግዲህ ወዲህ የሚሠራውን ይናገራል። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው የተባሉት በዚሁ በፈረስ ስም ነው። ቀረርቶና ሽለላም ድምፅን አርዝመው የሰውን ወኔ የሚቀሰቅሱ የፉከራ ወንድሞች ናቸው። ስለዚህ ፉከራ በምስክሮች ፊት የሚገባ ቃል ነው። ፎክሮ የሸሸ ሰው ከጠላቱ ይልቅ የገዛ ቃሉ ያሳድደዋል።

ይህ የቃል ዕዳ የሚተሳሰበው በለቅሶ ቤት ነው። የሟቹ ልብስና ጠመንጃ ይወጣል፤ ሙሾ አውራጇ በመካከል ቆማ ግጥሟን ትደረድራለች፤ ሕዝቡም ደረቱን እየደቃ ይቀበላታል። እርስዋም የሟቹን ትውልድ፥ የዋለበትን ጦር ሜዳ፥ ከጐኑ የነበረውንና ጥሎት የሸሸውን ታውቃለች። ያዘነን ሰው መቈጣት ነውር ስለ ሆነ፥ በአደባባይ የማይነገረው ነገር በዚያ ይነገራል። ባልንጀራውን ጥሎ የተመለሰ ሰው፥ ወታደሩን ያለ ስንቅ ያዘመተ ሹም፥ በለቅሶ ቤት ተቀምጦ ስለ ራሱ የሚነገረውን አንገቱን ደፍቶ ይሰማል።

ግጥሙ በቃል የሚቈይበትም ምክንያት አለው። ብዙ ጊዜ አንዱ ስንኝ 12 ቀለም ኖሮት ስድስት በስድስት ይከፈላል፤ ባለቅኔዎች የወል ቤት የሚሉት ይህን ነው። የስንኙም መጨረሻ ቤት ይመታል። ልኩ የታወቀ ስለ ሆነ ከመካከሉ አንድ ቃል ቢወድቅ ጆሮ ወዲያው ይሰማዋል። ፊደል ያልቈጠረች እናት የሞተውን ሰው ታሪክ ሳይጐድል ለልጇ ልታደርስ የምትችለው በዚህ ነው።

ሙሾ የተሸናፊ ድምፅ ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር ዓድዋን ያስታውስ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ድል አደረገች፤ ነገር ግን ከድሉ ጋር ብዙ መርዶ መጣ። ከወደቁት ጀግኖች አንዱ ፊታውራሪ ገበየሁ ነበሩ፤ በቃል ሲነገሩ ከኖሩት የዓድዋ ግጥሞችም መካከል ስለ እርሳቸው የተባሉ ይገኙባቸዋል። ድል ያደረገ ሕዝብም ሙታኑን በስማቸው ጠርቶ ካላለቀሰ ድሉ በስንት እንደ ተገዛ ልጆቹ ሊያውቁ አይችሉም።

ቤተ ክርስቲያናችንም ይህን ታውቃለች። በሰሙነ ሕማማት ሰቆቃወ ኤርምያስን እንሰማለን፤ ይህም የፈረሰች ከተማ ልቅሶ ነው። በወርኃ ጽጌም ሰቆቃወ ድንግል ይዜማል፤ እርሱ ደግሞ ከሄሮድስ ሰይፍ የሸሸች እናት ስደት ነው። ሊቃውንቱ የንጉሥ ግፍ ያሳደደውን ስደት በልቅሶ ቃል አድርገው፥ በየዓመቱ በአበባ ወራት እንድናስበው ሠርተውልናል።

አሁን ወደ ጣልያን ወረራ ዘመን እንምጣ። የፋሽስት ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወሰን ጥሶ ገባ። በመጋቢት 22 ቀን የማይጨው ጦርነት ሆነ፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ተያዘች። ሐምሌ 22 ቀን አቡነ ጴጥሮስ ለጠላት አንገዛም፥ ሕዝቡንም ተገዛ አንልም በማለታቸው በአዲስ አበባ በአደባባይ በጥይት ተደበደቡ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ በጣሉ ጊዜ፥ ጠላት በከተማይቱ ሕዝብ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ እልቂት አወረደ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቍጥር 30,000 ብሎ አስታውቋል።

በዚያ ሰሞን የሆነ አንድ ነገር ግጥም ምን ያህል ኃይል እንዳለው ያስረዳናል። ግራዚያኒ በመጋቢት ወር ወደ ሮማ ባስተላለፈው ቴሌግራም፥ እየዞሩ የሚዘፍኑና ወሬ የሚያወሩ ሰዎች፥ ጠንቋዮችም ጭምር፥ ተይዘው እንዲገደሉ ማዘዙን፥ እስከዚያም ቀን ድረስ 70 ሰዎች መገደላቸውን ገለጠ። አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ የያዘ መንግሥት ማሲንቆ የያዘን ሰው ፈራ! የፈራበትም ምክንያት ነበረው፤ ጋዜጣና ራዲዮ በእጁ ሲሆኑ የአዝማሪው አፍ ግን በእጁ አልነበረም።

አዝማሪውም ሆነ ሙሾ አውራጇ ከጠላት ጆሮ የሚያመልጡት በሰምና ወርቅ ነበር። የቋንቋችን ጠባይ ለዚህ የተመቸ ነው። በአንዲት ትንሽ ቃል ላስረዳ። «አለ» የሚለው ቃል ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ደግሞ ይኖራል፥ አልጠፋም ማለት ነው። በጽሕፈት ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። እንግዲህ አንድ ሰው ወንድሙ በዱር አርበኛ ሆኖ ሳለ ግጥሙን በዚህ ቃል ቢጨርስ፥ አስተርጓሚው ከወንድሙ የተላከ ተራ ወሬ አድርጎ ይተረጕመዋል፤ ወገኑ ግን ወንድሙ በሕይወት እንዳለ ይረዳል። ይህን የጥበቃና የላላ ልዩነት የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ ይማረዋል፤ እናቶቻችን ግን በአፋቸው ይዘውት ተወልደዋል።

ከቅኔ ቤት ወጥተው ለአገራቸው በግጥም ካገለገሉት አንዱ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። በጐጃም በደብረ ኤልያስ ተወልደው ቅኔ ተማሩ፤ «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» የተባለውን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ግጥም የደረሱ እርሳቸው ናቸው። በወረራው ጊዜ ወደ ሱዳን ተሰደው ሳለ «አፋጀሽኝ» የተባለውን ተውኔት ጻፉ። የአቡነ ጴጥሮስም ሞት ራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸውን «የደም ድምፅ» የተባለውን ተውኔት፥ ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ደግሞ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» የተባለውን አጽፏቸዋል። እነዚህ ሥራዎች በመጻሕፍት ስላሉ አይጠፉብንም። የሚጠፋው በየቤታችን ያለው ነው። ይህንም የምናገረው በራሴ ላይ ከደረሰው ተነሥቼ ነው።

አያቴ በሰላሌ ተወልደው ያደጉ ሴት ነበሩ። በ1929 ዓ.ም. የ17 ዓመት ልጅ ነበሩ። ታላቅ ወንድማቸው በደብረ ሊባኖስ ገዳም የሚማር ዲያቆን ነበር። ግንቦት 12 ቀን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም በዓል ነውና፥ ዲያቆኑ በዓሉን አገልግሎ ወደ ቤተ ሰቡ ሊመጣ ቀጠሮ ነበረው። ሳይመጣ ቀረ። በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የጣሉትን ሰዎች ረድታችኋል ተብለው፥ የገዳሙ መነኰሳት በዓሉን ካከበሩ በኋላ በጭነት መኪና እየተጫኑ ተወሰዱ፤ ግንቦት 13 ቀንም በጥይት ተደበደቡ። ጣልያኖች ራሳቸው በላኩት መልእክት 297 መነኰሳትና 23 ሌሎች ሰዎች፥ ጥቂት ቀን ቈይቶም 129 ዲያቆናት መገደላቸውን አስታውቀዋል፤ ይኸውም በድምሩ 449 ይሆናል። ከብዙ ዓመት በኋላ የተደረገው ምርምር ግን የሟቾቹን ቍጥር ከ1,400 በላይ፥ ምናልባትም እስከ 2,000 ያደርሰዋል።

ለአያቴ ወንድም መቃብር አልተገኘለትም። መቃብር ስላልነበረው አያቴ ሙሾ ሠሩለት። በኋላም መንኵሰው እማሆይ ከተባሉ በኋላ እንኳ፥ በየዓመቱ ግንቦት 12 ቀን ከቅዳሴ ተመልሰው፥ እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወርዱት ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ ገና ዲያቆን ነበርሁ፤ ከመጻሕፍት ጥቂት ስላነበብሁ ሁሉን የማውቅ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን፥ «እማሆይ፥ እንዲህ ያለው ልቅሶ ለክርስቲያን አልተፈቀደም፤ ጸሎት ይበቃዋል» አልኋቸው። እርሳቸውም ቀና ብለው አዩኝና፥ «ጸሎቱንማ መች ተውሁት ልጄ። ይህን እኔ ከተውሁት ግን እሱ እንዳልተወለደ ይሆናል» አሉኝ። ከዚያ ቀን በኋላ በፊቴ አንድም ጊዜ አላወረዱትም።

ሙሾው ከገዳዮቹ እርግማን አይጀምርም ነበር። ማለዳ መብራቱን ማን እንደሚያበራ፥ የደወሉን ገመድ ማን እንደሚስብ ይጠይቅ ነበር። ቀጥሎም ዲያቆናቱን የጫነው መኪና ፀሐይ ወደምትወጣበት ሄደ የሚል ሐሳብ ነበረበት። እኔ ይህን ስሰማ ስለ ትንሣኤ የተነገረ ምሳሌ አድርጌ ወሰድሁት፤ ሰሙ ያማረ ነው ብዬም በልቤ አደነቅሁ።

አያቴ በ1995 ዓ.ም. ዐረፉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስለ ደብረ ሊባኖስ እልቂት የተጻፈውን ታሪክ ሳነብ፥ ዲያቆናቱ ከመነኰሳቱ ተለይተው ወደ ደብረ ብርሃን አካባቢ ተወስደው እዚያ መገደላቸውን አገኘሁ። የማስተምርበትን የክፍሉን ካርታ ዘርግቼ አየሁ። ደብረ ብርሃን ከደብረ ሊባኖስ በስተ ምሥራቅ ናት! አያቴ ምሳሌ አልተናገሩም ነበር። አንድ ሰው በዓይኑ አይቶ የነገራቸውን፥ መኪናው የሄደበትን አቅጣጫ፥ በ12 ቀለም ስንኝ አስረው አስቀምጠውት ነበር። ተመራማሪዎች ከስንት ድካም በኋላ የደረሱበትን ነገር እኛ ቤት ምድጃ አጠገብ በየዓመቱ ስንሰማው ኖረን አላስተዋልነውም።

በዚያው ሙሾ ውስጥ የአንድ ወንዝ ስም ነበረ። መኪናው ከዚያ ወንዝ ማዶ ቆመ የሚል ነገር ነበረበት። የወንዙን ስም ግን አላስታውሰውም። እናቴን ጠየቅሁ፥ አክስቶቼን ጠየቅሁ፤ ሁሉም ዜማውን ያስታውሳሉ፥ ስሙን የሚያስታውስ አልተገኘም። ያን ቃል ይዘው የነበሩት አያቴ ብቻ ነበሩ፤ እርሳቸውን ዝም ያሰኘኋቸው እኔ ነኝ።

እርግጥ ነው፥ ቤተ ክርስቲያን ፊትን መንጨትና ሥጋን መቧጨር፥ ተስፋ እንደሌለው ሰው ማዘንም አይገባም ብላ ታስተምራለች። ይህ ትምህርት የጸና ነው። ነገር ግን ተስፋ መቍረጥና መመስከር አንድ አይደሉም። እኔ በወጣትነቴ ሁለቱን አደባልቄ ነበር። ፊቱን የሚነጨውን ሰው እጁን ያዙት፤ ሙታኑን በስማቸው ጠርቶ፥ ማን እንደ ገደላቸውና የት እንደ ወደቁ የሚናገረውን ግን ስሙት።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በማስተምርበት ክፍል ለተማሪዎቼ ከቤታቸው የጦርነት ዘመን ግጥም ጠይቀው እንዲያመጡ አዘዝኋቸው። ያመጡት አብዛኛው ፉከራ ነበር። አንዲት ልጅ ግን እጇን አንሥታ፥ «የኔታ፥ ወንድም ከወንድሙ ለተዋጋበት ጦርነትም ፉከራ ይጻፋል?» ብላ ጠየቀችኝ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በተደረገው ጦርነት ወንድሟ ሄዶ እንዳልተመለሰ ክፍሉ ሁሉ ያውቅ ነበር። ወዲያው የምመልስላት አጣሁ። በማግሥቱ ግን የዳዊትን ታሪክ አነበብሁላቸው። ዳዊት ሳኦል በወደቀ ጊዜ አልፎከረም። የሚፎክርበት ምክንያት ያልነበረው ሆኖ አይደለም፤ የወደቀው የገዛ ወገኑ ስለ ነበረ ነው። ፉከራ ድንበር ጥሶ በመጣ ባዕድ ላይ የተሰጠ ቃል ነበረ፤ በጐረቤት ላይ ሲዞር ግን የነገን ደም ይጠራል። የሙሾ ጠባይ ከዚህ የተለየ ነው። በወዲያኛው መንደር የምታለቅሰውን እናት ድምፅ የሰማች በወዲህኛው መንደር ያለች እናት፥ ትርጓሜ ሳያስፈልጋት ታውቀዋለች።

እንግዲህ ለእናቶችና ለአባቶች፥ ይልቁንም ፊደል ለተማራችሁ ልጆች የማሳስበው ይህ ነው። በቤታችሁ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ካሉ፥ በፆም ወራት ማታም ቢሆን በበዓል ቀን፥ ከጐናቸው ተቀምጣችሁ ጠይቁአቸው። ለማን እንደ ተለቀሰ፥ ማን እንዳወረደችው፥ በየት አገርና በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ሆነ በግጥሙ ራስጌ ጻፉ። የሰማችሁትን ቃል እንደ ሰማችሁት አስፍሩት፤ የአገር ቤት አነጋገር ነው ብላችሁ አታርሙት። የሚጠብቀውን ቃል በላዩ ነጥብ አድርጋችሁ ለዩት፤ ወርቁ ያለው እዚያ ሊሆን ይችላልና። የቦታና የወንዝ ስም ሲመጣ ሁለት ጊዜ ጠይቁ። የእጅ ስልክ ያለው ሰው ድምፁንም ይቅዳ፤ ነገር ግን ስልክ ይጠፋል፥ ይሰበራልና በወረቀት መጻፉን አይተው። የሚያሳዝናቸው ቢሆን አታስገድዱአቸው፤ ሌላ ቀን ተመለሱ። ከሁሉም በላይ፥ እኔ እንዳደረግሁት፥ ከመስማታችሁ በፊት አትገሥጹ።

እኔም የተረፈኝን በአንድ የትምህርት ቤት ደብተር ጽፌአለሁ። በራስጌው የዲያቆኑን የክርስትና ስም፥ የአያቴን ስም፥ ግንቦት 1929 ዓ.ም. ብዬ አስፍሬአለሁ። ከዚያ በታች ስለ መብራቱ፥ ስለ ደወሉ ገመድና ስለ ፀሐይ መውጫ የተነገረውን፥ ቃሉ ጠፍቶ ሐሳቡ የቀረውን ጻፍሁ። የወንዙ ስም በሚገባበት ስፍራ ግን ጥቂት ባዶ ቦታ ተውሁ። ምናልባት ከሰላሌ ወይም ከደብረ ብርሃን ወገን የሆነ ሰው፥ ከአያቱ የሰማው ሙሾ ውስጥ ያ ወንዝ ይኖር ይሆናል።